ቬኖሜ ሲሞቅ መጥፋቱን ተወ፦ የማግኔቶው ጣጣ

በመጨረሻ አሮጌው ሞተር ሳይክሌ ቬሎሴት ቬኖም ሞቆም አይጠፋም! ረጅም መንገድ ነዳሁት፣ አቆምኩት፣ ትኩስ እንደሆነ በአንድ ምት ተነሳ። ይህ ደስታ የሚገባው አሮጌ ሞተር ሳይክል ለሚጠግን ሰው ነውና ላካፍላችሁ።

ቬሎሴት ቬኖም ለማታውቁት፣ በርሚንግሃም የነበረ የአንድ ቤተሰብ ፋብሪካ ከ1955 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር 499 ሲሲ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ምት እኩል 86 ሚሊ ሜትር ናቸው። በ1961 ፈረንሳይ ውስጥ ሞንትሌሪ በሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ 24 ሰዓት ሙሉ በአማካይ በሰዓት 161 ኪሎ ሜትር ሮጧል። በዚያ የሞተር መጠን ከእሱ በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። ፋብሪካው በ1971 ስለተዘጋ ሙሉውን ማግኘት ከባድ ነው።

ስትፈልጉ መጀመሪያ ቀለሙን አትዩ፣ ቁጥሩን እዩ። የቬኖም ሞተር ቁጥር በ«ቪኤም» ይጀምራል። «ቪአር» ካለ የዚያው ፋብሪካ አነስተኛ ሞተር ቫይፐር ነው፣ 349 ሲሲ። ሁለቱ ከውጭ መንትያ ስለሆኑ ቫይፐርን ቬኖም ብሎ መሸጥ ቀላል ነው። የኔው ተፈታትቶ በሳጥን ነበር፣ ቁጥሩ ግን ትክክል ስለሆነ ወሰድኩት።

ስለመፍታቱ ብዙ አልልም። ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን በየከረጢቱ እየጻፋችሁ አስቀምጡ። የዊትዎርዝ (የድሮው የእንግሊዝ ልክ) መፍቻ ሳትገዙ ግን አንድም ዳዶ እንዳትነኩ። በሚሊ ሜትር መፍቻ የሚፈታ ሰው የዳዶውን ጠርዝ አበላሽቶ ነው የሚሄድ። የሞተሩን አካል በአሸዋ ማስነፋትንም አጥብቄ እቃወማለሁ፣ አሸዋው የዘይቱ መተላለፊያ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ኩሽኔታውን ይበላል። ሰልባትዮውን ቀለም አልቀባሁትም፣ የመጀመሪያው ቀለም ቢቧጨርም ከአዲስ ቀለም ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ ማግኔቶው። የኔው ቬኖም ለእሳቱ ባትሪ አያስፈልገውም፣ ማግኔቶው ራሱ ያመነጨዋል። ማግኔት መሃል የሚሽከረከረው ክፍል ላይ ወፍራም ሽቦ ተጠምጥሟል፣ በሱ ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሌላ ሽቦ። ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው) ሲከፈት በወፍራሙ ሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት ይቋረጣል፣ በቀጭኑ ላይ ሺዎች ቮልት ይፈጠርና ካንዴላው ላይ ይፈነጥቃል። ኮንዴንሰሩ መቋረጡን ስለታም ያደርገዋል፣ ፑንቲናውንም ከመቃጠል ያድነዋል።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይነሳል። ሲሞቅ መንተባተብ ይጀምርና ይጠፋል፣ ቀዝቅዞ እስኪመለስለት ድረስ ብትረግጡት አይነሳም። የጠየቅኩት ሁሉ «ካርቡሬተሩ ነው» አለኝ። ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ የሰልባትዮው ክዳን አየር ማስገባቱን አየሁ፣ ምንም የለም። መልሱን የሰጠኝ ሌላ ነገር ነው። እንደጠፋ ወዲያው ካንዴላውን ፈትቼ ብረት አስነክቼ ሞተሩን ስረግጥ እሳቱ የደከመ ቢጫ ነበር። ጠዋት ግን ሰማያዊና ወፍራም ነው።

ከዚያ ማግኔቶውን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኩት። በእጅ ሳዞረው እሳት የለም! ቀዘቀዘ፣ እሳቱ ተመለሰ። ይህን ሙከራ በጣም ነው የምወደው፣ ሞተሩንና ነዳጁን ከጭቅጭቁ ያወጣቸዋል። መልቲሜትር ላይ አትተማመኑ፣ በትንሽ ቮልት ስለሚለካ በሙቀትና በከፍተኛ ቮልት ብቻ የሚያፈስን ኮንዴንሰር «ደህና ነው» ይላችኋል።

ኮንዴንሰሩ የሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ስለተቀበረ እንደ መኪና በቀላሉ አይቀየርም። መጀመሪያ የሰጠሁት ባለሙያ ኮንዴንሰሩን ብቻ ቀይሮ መለሰልኝ፣ ሲሞቅ ያው ነው። ሽቦው የተሸፈነበት የድሮ ሼላክ የሚባል ሙጫ ከዘመን ብዛት ደክሞ ስለነበር ሙቀት አይችልም። ሁለተኛው ሰው ሙሉ በሙሉ በአዲስ ሽቦ ጠመጠመው፣ በዘመናዊ ሬዚን ደፈነው፣ ማግኔቱንም እንደገና አጎለበተው። እና ምክሬ፣ ስትሰጡ «አሙቀህ ትሞክረዋለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነታ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ስትገጥሙ የፑንቲናውን ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ኤሌክትሪኩን ወደ ማግኔቶው አካል የምትመልሰውን ትንሿን የመሬት ካርቦን ደግሞ ማንም አያስታውሳትም። እሷ ከቆሸሸች ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ይጎዳዋል።

በማግኔቶው ፈንታ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ግጠምና ተገላገል የሚሉኝ አሉ። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ልክ ናቸው። እኔ ግን ያለ ባትሪ በራሱ እሳት የሚነሳውን ሞተር ነው የወደድኩት፣ ያንን ካወጣሁበት ለምን ደከምኩ? ምክንያታዊ አይደለም ካላችሁኝ አልከራከርም።

የቀረኝ ፍሪሲዮኑ ነው። የቬሎሴት ፍሪሲዮን ከኋላው ሰንሰለት ጥርስ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፣ የሚከፈተውም በጣም ጥቂት ነው። የሚስተካከለው በጥርሱ ቀዳዳ ቀጭን ብረት አስገብቶ የኋላውን ጎማ በእጅ በማዞር ነው። የኔው አሁን ማርሽ ሳስገባ ትንሽ ይጎትታል። በእጃችሁ ያስተካከላችሁት ካላችሁ፣ በምን ያህል ዙር እየጀመራችሁ እንደምትሠሩ ጻፉልኝ።