የኮምፓይለሩን አፍ ዘግቼ ያገኘሁት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት ይተርፈኝ ስለነበር ነው። ነገሩ የጀመረው በዩኤስቢ ከምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ ዶንግል ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ ነው። ስሰካት ሲስተሙ አያት፤ የዩኤስቢ ዝርዝሩ ውስጥ ስሟ አለ። ዋይፋይ ግን የለም። ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ እሷን የሚያሠራበት ፕሮግራም፣ የላትማ።

የዶንግሏ ቺፕ አምራች የድራይቨሩን ሶርስ ኮድ (ሰው የሚጽፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ) በዚፕ አስቀምጧል። አብሮት ያለው መመሪያ የመጫኛ ስክሪፕቱን በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት የአስተዳዳሪ መብት) አስኪዱ ይላል፣ በቃ። ከታች ደግሞ ኮዱ የተሞከረው በከርነል 4 (ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው) ዘመን እንደሆነ በትንሹ ተጽፏል። የኔ 5.15 ነበር። እዚያች መስመር ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኳት።

የመጀመሪያ ምክሬ መመሪያውን ይቃረናል፦ ስክሪፕቱን አታስኪዱት። የኔው ኮምፓይሉ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚያስኬደው መልክ መቀየሩ) ከሽፎ እንኳ መጨረሻ ላይ "ተጭኗል" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም አምኜው ኮምፒውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ዚፑን ፍቱ፣ ፎልደሩ ውስጥ ግቡና ሜክን (ኮምፓይሉን የሚያዘውን ፕሮግራም) በእጃችሁ ጥሩት። ቢወድቅም ሲወድቅ ታዩታላችሁ።

ቀላል ቀላሉን በፍጥነት ላሳልፈው። "ቢልድ የሚባል ፎልደር የለም" ከተባላችሁ የከርነሉን ሄደር (ድራይቨር ኮምፓይል ሲሆን የሚያስፈልጉትን የከርነሉን ፋይሎች) አልጫናችሁም ማለት ነው። የሄደሩ ቁጥር አሁን እየሠራ ካለው ከርነል ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻዋ ድረስ መግጠም አለበት። ከርነሉን አፕዴት አድርጋችሁ ሪስታርት ካላደረጋችሁ ሁለቱ አይገጥሙም። የፎልደሩ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ አጥፉት፤ የከርነሉ ሜክፋይል (ሜክ የሚከተለው የትእዛዝ ፋይል) አይወደውም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ደግሞ ሜክ ክሊን በሉ፤ የቀደመውን ሙከራ ቅሪት ያጸዳል።

ከዚያ ኤረሩ ይዘንባል። መጨረሻ ላይ "ኤረር 2" የምትል መስመር ትመጣለች። ሁሉም ሰው እሷን ኮፒ አድርጎ መፈለግ ይጀምራል፤ እኔም ጀምሬ ነበር። እሷ ምንም አትነግራችሁም። ሜክ "ከሥር ያዘዝኩት ወድቋል" ማለቱ ብቻ ነው። ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ኤረር ፈልጉ። የቀሩት ብዙውን ጊዜ የእሱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሌላ፦ ኤረር ስታድኑ ሜክን በብዙ ኮር አታሠሩት። ፋይሎቹ እኩል ኮምፓይል ሲሆኑ መልእክታቸው እርስ በርሱ ይደበላለቃል።

የኔ የመጀመሪያ ኤረር "አክሰስ ኦኬ" ለሚባል ፈንክሽን (ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) ሦስት ነገር ሰጥተሃል፣ የሚቀበለው ሁለት ነው የሚል ነበር። በ2019 የወጣው ከርነል 5.0 የመጀመሪያውን አስቀርቶታል። እኔም አጠፋሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ከርነሉ ከላዩ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ቃሉን ይጠብቃል። ለውስጡ ኮድ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልገባም። አንድ ፈንክሽን ሲቀየር፣ የቀየረው ሰው ከርነሉ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች አብሮ ያስተካክላል። ውጭ በዚፕ የተቀመጠውን ማን ያየዋል? ስለዚህ ዶንግል ከመግዛታችሁ በፊት ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ መኖሩን እዩ። እኔ ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ጉዴ ሁለተኛው ኤረር ነው።

ድራይቨሩ "ፕሮክ" በሚባለው ፎልደር ሥር ስለራሱ ሁኔታ የሚናገሩ ፋይሎች ይፈጥራል። ፋይሉ ሲከፈት፣ ሲነበብ፣ ሲዘጋ የትኛው ፈንክሽን እንደሚጠራ ድሮ የሚነገረው "ፋይል ኦፕሬሽንስ" በሚባል ስትራክት (በየቦታቸው የተደረደሩ ነገሮች ስብስብ) ነበር። በ2020 የወጣው ከርነል 5.6 ለፕሮክ ብቻ የተሠራ "ፕሮክ ኦፕስ" የሚባል ሌላ ስትራክት አመጣ። ኮምፓይለሩም በግልጽ ነገረኝ፦ አራተኛ ላይ የሰጠኸኝ ፖይንተር (የስትራክቱ አድራሻ) ዓይነቱ አይገጥምም።

እኔ ምን አደረግኩ? ካስት። በቅንፍ የአዲሱን ስትራክት ስም ከፊቱ ለጠፍኩበት። "ይህን እንደዚያ ቁጠረው" አልኩት። ዝም አለ። ኮምፓይል ሆነ፣ ሞጁሉ (ኮምፓይል የሆነው ድራይቨር) ከርነሉ ውስጥ ገባ፣ ዋይፋዩ መጣ። ያን ቀን የነበረኝ ኩራት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ተመሳሳይ ዶንግል ላለው ጓደኛዬ ያችኑ ቅንፍ ላክሁለት።

ሁለት ቀን ሰላም ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ የጠፋብኝን ጽሑፍ ለማግኘት ዲስኩን በሙሉ በሩት ሆኜ ማስፈለግ ጀመርኩ። ፍለጋው መሀል ላይ ቀጥ አለ። ልግደለው ብል አይሞትም። ቀስ በቀስ ሌላውም ነገር ደረቀ። የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት። በማግስቱ እንደገና አስፈለግኩ፤ እንደገና ደረቀ።

አሁን የኔን ብልህነት ተመልከቱ። ሲፈለግ ከደረቀ የታመመው ዲስኩ ነው አልኩ። ያለኝን ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ዲስኩን መረመርኩ፣ ጤነኛ። ሜሞሪውን ሌሊቱን ሙሉ ሲፈተሽ አሳደርኩት፣ ጤነኛ። ሙቀት ይሆናል ብዬ ፈትቼ ፋኑን አጸዳሁ። ድራይቨሩን? እሱማ ይሠራል! ዋይፋዩ እየመጣ አይደል?

አንድ ቀን ግን ማሽኑ ሳይደርቅ ፍለጋው ብቻ ተገደለ። በዕድሌ የከርነሉን ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ማንበብ ቻልኩ። ሲወድቅ እነማን እነማንን እየጠሩ እንደነበር ተዘርዝሯል። ከሥር ፋይል ይከፈታል፣ ቀጥሎ ፕሮክ፣ ከዚያ "ሴክ ኤልሲክ" የሚባል ፈንክሽን። ኤልሲክ ፋይል ውስጥ ወደ ሌላ ቦታ መዝለያ ነው። ገና እየተከፈተ ባለ ፋይል ውስጥ ማን ወዴት ይዘላል?

ሁለቱን ስትራክቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ገባኝ። ኮድ ኮምፓይል ከሆነ በኋላ ስም የለም፤ ያለው ቦታ ብቻ ነው። በአሮጌው ስትራክት ሁለተኛው ቦታ የመዝለያው ፈንክሽን ነው። በአዲሱ ሁለተኛው ቦታ የመክፈቻው ነው። ከርነሉ ፋይሉን ልክፈት ብሎ ሁለተኛው ቦታ ሲሄድ ያገኘው መዝለያውን ነበር። እሱም የተሰጠውን ነገር ፋይል መስሎት ከውስጡ ያልሆነ አድራሻ አነበበ፣ ያንን ቁልፍ (ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር እኩል እንዳይነኩ የሚያደርግ መጠበቂያ) ነው ብሎ ሊቆልፈው ሞከረ። አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴ ለዘላለም ይጠብቃል። ፕሮክን እስካልነኩ ድረስ ምንም አይታይም። ዲስኩን ሁሉ ሳስፈልግ ግን ፕሮክም ውስጥ እየገባ ነበር።

ኮምፓይለሩ የነገረኝ ይህንኑ ነው። አይገጥምም አለኝ። እኔ ግን ሰላሳ ሰከንድ ለማትረፍ አፉን ዘጋሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ። ለጓደኛዬ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። እሱ ሜሞሪ ሊቀይር ነበር።

ትክክለኛው ጥገና አሥር መስመር አይሞላም። አዲሱን ስትራክት ትጽፋላችሁ፤ መክፈቻውን፣ ማንበቢያውን፣ መዝለያውንና መዝጊያውን በየስማቸው ትሞላላችሁ። ከዚያ ከርነሉ 5.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አዲሱ፣ ካልሆነ አሮጌው እንዲሠራ በቨርዥን ትከፍሉታላችሁ። ለአምራቹ ጻፍኩለት፣ ጥገናውንም አያይዤ። የመጣው መልስ "የምንደግፈው በመመሪያው የተጻፈውን ቨርዥን ነው" የሚል ነው። ልክ ናቸው። የሚያናድደውም ልክ መሆናቸው ነው።

ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ኮድ እንዳይገባ የሚከለክለውን ጥበቃ) በተመለከተ መመሪያው አጥፉት ይላል። አታጥፉት። ሞጁሉ "ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም" ተብሎ ሲመለስ የራሳችሁን ቁልፍ ፈጥራችሁ፣ ሞክዩቲል በሚባለው ፕሮግራም አስመዝግባችሁ፣ ሞጁሉን ፈርሙበት። ሪስታርት ስታደርጉ ማረጋገጫው ስክሪን ይመጣል። የሚጠብቀው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ሌላ ነገር እያያችሁ እንዳያመልጣችሁ። እኔን ሁለቴ አምልጦኛል።

በመጨረሻ ኮዱን ዲኬኤምኤስ ለሚባል ፕሮግራም ሰጠሁት፤ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ራሱ ኮምፓይል ያደርገዋል። ጥሩ ነገር ነው፣ ኮዱ እስከተስማማ ድረስ። ወደ ከርነል 6 ስሻገር እንደገና ወደቀ። የመጀመሪያውን ኤረር አየሁ፤ በትልልቅ ፊደላት ይጻፍ የነበረ አንድ ስም ከ5.17 ጀምሮ በትንንሽ ፊደላት ሆኗል። ይኸው ነው ለውጡ! ሳቄ መጣ፣ አስተካከልኩት።

ከሥሩ ደግሞ ኤረር እንኳ ያልሆነ ማስጠንቀቂያ ነበር። ድራይቨሩ የዶንግሏን ማክ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የምትለይበትን ቁጥር) በቀጥታ የሚጽፍበት ቦታ አሁን ለንባብ ብቻ ነው ይላል። እጄ ቅንፍ ልትከፍት ሄደች። መለስኳትና ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን ፈንክሽን ፈልጌ አስገባሁ። ከዚያ ዲስኩን በሙሉ፣ ፕሮክንም ጨምሮ፣ በሩት አስፈለግኩና ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ጨረሰ።