በወጨጫ ግርጌ ሁለት ሌሊት፦ ለቤተሰባችን የመኝታ ከረጢት ስንመርጥ

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ በመናገሻ ሱባ ጫካ በተከልነው ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብዬ የስድስት ዓመት ልጄን እግር በመዳፌ አሽ ነበር። ልጁ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለቤቴ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችለት፤ ታላቅ እኅቱም ከጀርባው ተጠግታ አቀፈችው። ለአራታችን አራት የመኝታ ከረጢት፣ በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የምንለውን፣ አዲስ ገዝቼ ነበር፤ በሁሉም ላይ በትልቁ «0 ዲግሪ» ተብሎ ተጽፏል። ከድንኳኑ ምሰሶ ያንጠለጠልሁት ቴርሞሜትር ያሳይ የነበረው ግን 4 ዲግሪ ነው።

ዘንድሮ በዚያው ወር ወደዚያው ስፍራ ተመለስን። በመካከሉ ያለፈውን አንድ ዓመት፣ አቅማችን በሚፈቅደው ገንዘብ ያንን ሌሊት ሳንደግም እንዴት ማደር እንደምንችል በመጠየቅና በመፈለግ አሳልፌዋለሁ።

መጀመሪያ የተማርሁት ቁጥሩን ማንበብ ነው። በሥርዓቱ የተፈተነ ከረጢት ሦስት የሙቀት መጠኖች ይጻፉበታል፤ መለኪያው ቀድሞ በአውሮፓ ኢኤን 13537 ይባል የነበረው፣ አሁን በዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 23537 የሚባለው ነው። «ኮምፈርት» የሚለው አንዲት ሴት ዘና ብላ ተኝታ የማይበርዳትን ደረጃ ያመለክታል፤ «ሊሚት» አንድ ወንድ ተኮራምቶ ስምንት ሰዓት ሊተኛ የሚችልበትን ይናገራል፤ «ኤክስትሪም» ደግሞ ስለ እንቅልፍ ሳይሆን በብርድ ላለመሞት ስለሚበቃው ወሰን ነው። በርካሽ ከረጢቶች ላይ ጎልቶ የሚታየው አንድ ቁጥር ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይገለጽም፤ የእኛ ዜሮ ዲግሪ ኮምፈርት እንዳልነበረ ልጄ በመንቀጥቀጡ ነግሮኛል። ፈተናው የሚካሄደው ደግሞ የሰው ቅርጽ ያለውንና ከውስጥ የሚሞቀውን አሻንጉሊት ልብስ አልብሶ፣ ከከረጢቱም ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ነው። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ከድንኳኑ ወለል በታች አንድ ቀጭን ሸራ ብቻ ነበር ያነጠፍነው።

ዋናው ጥፋታችን ይህ ይመስለኛል። ከረጢት የሚያሞቀው በውስጡ ያለው ሙሌት ተንፍቶ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከሥር ያለው ሙሌት ግን በሰውነታችን ክብደት ይደፈጠጥና አየሩን ያጣል። ስለዚህ ከላይ የቱንም ያህል ብንደርብ መሬቱ ከታች ሙቀታችንን ይወስደዋል። አያቶቻችን መደብ ሠርተው፣ በላዩም ቁርበትና ሰሌን አንጥፈው የተኙት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

በጥቅምት ወር ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ ጋር መርካቶ ወረድን። ካለን ገንዘብ ሲሦውን ለምንጣፍ አስቀድመን ለየን፤ ከረጢት ሊገዛ የወጣ ሰው ለምንጣፍ ይህን ያህል መመደቡ ብዙ ሊመስል ይችላል፣ እኔ ግን ዛሬም አልጸጸትበትም። የመረጥነው በተለምዶ ለፍራሽ የሚሆነውን ስፖንጅ አይደለም፤ እሱ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲተኙበትም ይሟሽሻል። ውኃ የማያስገባ፣ ጠንከር ያለና ተጠቅልሎ የሚያዝ፣ ለስፖርት መሥሪያ የሚሸጠውን ዓይነት ምንጣፍ አራት ገዛን።

ከዚያ ወደ ሰልባጅ ሻጮቹ ዘለቅን። ከውጭ አገር ከሚመጣው ቦንዳ ውስጥ አልፎ አልፎ ደህና ከረጢት ይወጣል፤ በአንድ አዲስ ዋጋ ሁለት፣ ተከራክሮ ለሚገዛ ሦስትም ይገኛል። ነገር ግን መፈተሽ ያስፈልጋል። ልጄ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ወደ ፀሐይ ትይዘዋለች፤ ብርሃን ወለል ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ካለ ሙሌቱ ተንዶ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቷል ማለት ነው። እኔ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ እመላልሳለሁ፤ ዚፕ ማስቀየር ይቻላል፣ ሆኖም ረጅም ስለሆነ ወጪው ቀላል አይደለም። በመጨረሻም ጠቅልዬ እጨብጠውና እለቀዋለሁ፤ ቀስ እያለ ካልተነፋ ሙሌቱ ደክሟል። ሻጩ በትዕግሥት ሲመለከተን ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ የላባ አለልዎት፣ እሱ ይሻልዎታል» አለኝ።

የዳክዬ ላባ የተሞላውን አወጣልኝ። በእውነት ግሩም ነበር፤ በሁለት እጅ ቢጨመቅ እንደ ትልቅ ዳቦ ያንሳል፣ ክብደቱም ከጋቢ አይበልጥም። በብስክሌት ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ይሁን እንጂ ላባ ከራሰ ይጣበቅና ሙቀቱን ያጣል፤ አጥቦ ማድረቁም አድካሚ ነው። አልፎ አልፎ በመኝታው ላይ የሚሸና ልጅ ላለው፣ ጤዛም ድንኳኑን ከውስጥ ለሚያረጥብበት ቤተሰብ ሰው ሠራሹ የፖሊስተር ሙሌት ይሻላል ብዬ ወሰንሁ፤ ቢርስም ሙቀቱን በሙሉ አያጣም፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ላባውን መልሼ ስሰጠው ልጄ ቅር እንዳላት አይቻለሁ።

አራት አንድ ዓይነት ከረጢት ለመግዛትም አልሞከርንም። ብርድ የሚጠናባት ባለቤቴ ስለሆነች፣ ኮምፈርቱ ዜሮ ዲግሪ ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ወፍራሙን ለእሷ ያዝን። ለእኔና ለልጄ 5 ዲግሪ የሚሉ፣ ራስ ላይ ኮፍያ ያላቸውና ወደ እግር የሚጠብቡ ሁለት ገዛን፤ በብስክሌት የምንጓዘው እኛ ነንና መጠናቸው ማነስ ነበረበት። ለትንሹ ልጅ የሚሆን አጭር ከረጢት ብንፈልግም አላገኘንም። ለልጅ ትልቅ ከረጢት አይመችም፤ በትንሽ ሰውነቱ ባዶውን ቦታ ሁሉ ሲያሞቅ ያድራል። ስለዚህ የአዋቂ ገዝተን፣ ከእግሩ በታች የሚተርፈውን ጠቅልለን በመቀነት ለማሰር ተስማማን።

እቤት በሳፋ፣ በጥቂት ሳሙና፣ ሳንጨምቅ አጠብናቸው። ለመድረቅ ሁለት ቀን ተኩል ፈጁ።

የጉዞው ዕለት ባለቤቴና ትንሹ ልጅ ከድንኳኑና ከምንጣፎቹ ጋር በመኪና ሄዱ። እኔና ልጄ ከአየር ጤና በማለዳ ተነሥተን፣ በጅማ መንገድ ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ ደረስን። ከረጢቶቹን በፌስታል፣ ፌስታሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ከተን፣ ከብስክሌቱ ኋላ በተቆረጠ ካላማዳሪ አጥብቀን አስረናቸዋል፤ የካላማዳሪ ጎማ በኮረኮንች ላይ ከገመድ ይልቅ ይታመናል። እስከ ሰበታ ያለው አስፋልት የጭነት መኪና ስለሚበዛበት ልጄን ከፊቴ አስቀድሜ ዳር ዳሩን ነዳን። ከሰበታ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚወጣው መንገድ ግን አፈርና ድንጋይ ነው፤ ብዙውን በእግራችን እየገፋን ወጣነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ የሚነገርለት የጽድ ጫካ ሲጀምር ነፋሱ ቆመ፤ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ።

አምና ድንኳኑን የተከልነው ሜዳው ሥር፣ ወንዙ አጠገብ ነበር፤ ቦታው ያምራልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት የቀኑን ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ የቀዘቀዘው አየርም ከባድ ስለሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ውርጭ የሚያቃጥለው የረባዳውን ሰብል መሆኑን ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ዘንድሮ ከሜዳው ከፍ ብለን፣ በተፈቀደው ስፍራ ዛፎቹ ጥግ ተከልን።

ማታ ትኩስ ሽሮ በላን፤ ባዶ ሆድ የሚያመነጨው ሙቀት የለውም፣ ከረጢቱም የሚያቆየው እኛ ያመነጨነውን ብቻ ነው። የቀን ላብ ያለበትን ልብስ ሁሉ በደረቅ ለወጥን፤ በተለይ እኔና ልጄ ዳገቱን ስንወጣ ካልሲያችን ርሶ ነበር። የፈላ ውኃ በኮዳ ሞልተን፣ በፎጣ ጠቅልለን ከትንሹ ልጅ እግር ሥር አኖርን። ጋቢዎቹን ከላይ ደረብን እንጂ ከሥር አላነጠፍናቸውም፤ ጥጥ ከመሬት እርጥበት ይስባል።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከአምናው ልማድ የተነሣ ነቃሁ። ቴርሞሜትሩ 3 ዲግሪ ይላል። እጄን ወደ ልጄ ከረጢት ሰደድሁ፤ እግሩ ሞቋል። ባለቤቴ ኮፍያዋን አውልቃ ተኝታለች። እኔን ትከሻዬ ላይ ትንሽ በረደኝ፤ የከረጢቱን የአንገት ክር ሳልስበው ተኝቼ ኖሯል። ሳብሁትና መልሼ ተኛሁ።

ከተመለስን በኋላ አራቱንም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ሳይታጠፉ ሰቀልናቸው፤ በጠባቡ መያዣቸው ታፍነው ከከረሙ ሙሌቱ ይሞታል። ትንሹ ልጅ ከአምና ወዲህ ቁመት ጨምሯል፤ ለጥር ጉዟችን መቀነቱን ፈትተን አንድ ስንዝር ወደ ታች ዝቅ አድርገን አስረንለታል።