ጎረቤት ለጎረቤት ደውሎ «ሩቅ» የተባለበት ቢል

ባለፈው ወር ትንሹ የስልክ ድርጅት ለትልቁ የከፈለው 5,385 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። በዚህ ወር የተጠየቀው 19,744 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። የደቂቃው ብዛት ግን ንቅንቅ አላለም፤ በሁለቱም ወር 2,400,000 ደቂቃ ነው። ደንበኞቹም መስመሮቹም፣ ጥሪዎችን የሚያገናኘው መሣሪያ ስዊቹም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ ቀድሞ «የአካባቢ» ይባሉ ከነበሩት ጥሪዎች 744,000 ደቂቃ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ «የርቀት» ተብለው መቆጠራቸው ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ አጋማሽ። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነባሮቹ ድርጅቶች መስመራቸውን ከአዲስ ገቢዎቹ ጋር እንዲያገናኙ አስገድዷል። አገናኝተው ሲያበቁ ጥሪው የተነሣበት ድርጅት፣ ጥሪውን ተቀብሎ እስከ ደንበኛው ለሚያደርሰው በደቂቃ ይከፍለው ነበር። ጥሪው የአካባቢ ከሆነ ሒሳቡ በኢንተርኮኔክሽን (መስመር የማገናኘት) ውላቸው የተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ ነበር። የርቀት ከሆነ ደግሞ ከጥንቱ የወረሱት የአክሰስ ታሪፍ፣ ማለትም የርቀት ጥሪን ለማድረስ የሚጠየቀው ክፍያ፣ ይታሰብ ነበር። በነዚህ ሁለት ድርጅቶች ውል የአካባቢው 0.0007 ዶላር፣ የርቀቱ 0.02 ዶላር ነበር። ከ28 እጥፍ በላይ ማለት ነው።

0.0007 የምትባለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደችም። ሰው በስልክ መስመር ኢንተርኔት ይከፍት በነበረበት ዘመን፣ አዲስ ገቢዎቹ የኢንተርኔት አቅራቢዎችን ደንበኛ አድርገው ጥሪ ብቻ እየተቀበሉ ገንዘብ ይሰበስቡ ጀመር። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2001 ለዚህ ዓይነቱ ጥሪ ጣሪያ አበጀለት፤ ጣሪያው በደረጃ ወርዶ መጨረሻ ላይ 0.0007 ደረሰ። በዚህ ጣሪያ መጠቀም የፈለገ ነባር ድርጅት ሌላውንም የአካባቢ ጥሪ በዚያው ዋጋ ለመለዋወጥ መስማማት ነበረበት። ቁጥሯ በብዙ ውሎች ውስጥ የተገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

«አካባቢ» ሲባል በኪሎ ሜትር የሚለካ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። የአካባቢ ጥሪን ክልል የሚያሰምረው የየስቴቱ ኮሚሽን ሲሆን፣ ክልሉ የሚገነባው የታሪፍ ማዕከል ከሚባሉ ትንንሽ ቀጣናዎች ነው። ከአሥሩ የስልክ አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ቁጥሩ የየትኛው ማዕከል እንደሆነ ይናገራሉ። በእኛ አገር 058 ሲታይ ባሕር ዳር፣ 011 ሲታይ አዲስ አበባ እንደሚታሰበው ነው፤ የእነርሱ ግን እስከ ትንሽ ከተማ ድረስ ይወርዳል። የደዋዩና የተደዋዩ ስድስት አኃዞች በአንድ ክልል ከወደቁ ጥሪው የአካባቢ ነው፤ ካልሆነ የርቀት። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

የትንሹ ድርጅት የሒሳብ ክፍል መጀመሪያ የጠረጠረው ማጠጋጋትን ነበር። አንዱ ወገን ሴኮንዱን በየጥሪው ወደ ሙሉ ደቂቃ ሲያሳድግ፣ ሌላው የወሩን ሴኮንድ ደምሮ በመጨረሻ ሲያጠጋጋ ትልቅ ልዩነት ይመጣል። ግን ጠቅላላ ደቂቃው ከራሳቸው ስዊች ቆጠራ ጋር ገጥሟል፤ ጥርጣሬው በአንድ ሰዓት ተዘጋ። ቀጥሎ የአንድ ሥራ ቀን የጥሪ መዝገብ ከራሳቸው ስዊች አወጡ። የዚያኑ ቀን መዝገብ ትልቁ ድርጅት ኢ.ኤም.አይ በሚባለው የመለዋወጫ ቅርጽ እንዲልክላቸው ጠየቁ። ማመሳከሪያው አራት ነገር ነው፦ ደዋይ፣ ተደዋይ፣ የተነሣበት ሰዓትና ቆይታ። የሁለቱ ስዊቾች ሰዓት በአራት ሴኮንድ ይለያይ ስለነበር የ10 ሴኮንድ ልዩነትን እንደ ትክክል ቆጠሩት፤ ይህ ባይደረግ ግማሹ መዝገብ ጓደኛ ሳያገኝ ይቀር ነበር። ያልተነሡ ጥሪዎችም አስቀድመው ወጡ፤ ክፍያ የሚቆጠረው ስልኩ ከተነሣ ወዲህ ነውና።

ከዚያ «የርቀት» የተባሉትን ብቻ ለይተው በደዋዩ ስድስት አኃዝ ደረደሯቸው። አብዛኛው ከሦስት ትንንሽ ከተሞች የተነሣ ሆኖ ተገኘ። ከነዚያ ከተሞች ባንዱ ያለ ሰው እዚያው ለጎረቤቱ ደውሎ፣ ሁለቱም ቁጥር የዚያችው ከተማ ሆኖ ሳለ፣ ቢሉ ላይ የሁለት ሳንቲም ጥሪ ሆኗል። ሦስቱን ከተሞች አንድ የሚያደርጋቸው፣ ትንሹ ድርጅት በራሳቸው ውስጥ ስዊች የሌለው መሆኑ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ርቆ በትልቁ ከተማ ባለው ስዊች፣ በኪራይ መስመር ያገለግላቸዋል።

ምሥጢሩ ጄ.አይ.ፒ የሚባል ምልክት ላይ ነበር። ጥሪ ሲከፈት ስዊቾች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በሲግናል ሰባት መልእክት ውስጥ ስድስት አኃዝ ያለው መለያ ይጓዛል፤ የሚናገረውም ጥሪው ከየትኛው ስዊች እንደተነሣ እንጂ ደዋዩ የት እንዳለ አይደለም። አንድ ስዊች አሥር ከተማ ቢያገለግል መለያው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስዊቹ የቆመበት ከተማ። ትልቁ ድርጅት ሰሞኑን የዋጋ መለያ ሶፍትዌሩን ለሞባይል ጥሪ ሲል አሻሽሎ ነበር። ለሞባይል ትክክለኛ ሥራ ነው፦ የሞባይል ቁጥር ባለቤቱ የት እንዳለ አይናገርም፤ የሞባይል «አካባቢ» ራሱ ሌላ ነው። በኮሚሽኑ ደንብ አገሪቱ ኤም.ቲ.ኤ በሚባሉ 51 ሰፋፊ ቀጣናዎች ተከፋፍላለች፤ ጥሪው ሲጀምር ሁለቱም ወገን በአንዱ ውስጥ ካሉ፣ የስቴት ድንበር ቢሻገርም እንኳ የአካባቢ ነው። ለሞባይል የተሠራው የሶፍትዌር ደንብ በስህተት የቤት ስልክ በሚያልፍበት ትራንክ (ሁለቱን ስዊቾች በሚያገናኘው መስመር) ላይም ተጫነ። 510,000 ደቂቃ የተበላሸው በዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የራሳቸው የትንሹ ድርጅት ደንበኛ ነበር። አንድ የጥሪ ማዕከል ፒ.ቢ.ኤክሱ (የድርጅቱ የውስጥ ስልክ ማገናኛ) ደዋይ ቁጥር ብሎ የሚልከው ባለ አራት አኃዙን የውስጥ ቁጥር ነው፤ አሥር አኃዝ የሌለው ደዋይ ደግሞ ከየትም አይመደብም። ይህ 150,000 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ በርቀት ዋጋ ተቆጥሯል። ውሉ ግን የሚለው ሌላ ነው፦ ደዋይ ቁጥር ያላቸው ጥሪዎች ከ90 በመቶ በታች ከወረዱ ቁጥር የለሾቹ በርቀት ዋጋ ይቆጠሩ፤ 90 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ቁጥር ባላቸው ጥሪዎች መጠን ይከፋፈሉ። 150,000 ከ2,400,000 ሲሰላ 6.25 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር ያለው 93.75 በመቶ ነበር። ቢል አዘጋጁ ያቺን አንቀጽ አላነበባትም፣ ወይም አንብቦ ሶፍትዌሩ ውስጥ አላስገባትም።

ሦስተኛው አሳፋሪ ነበር። የ510,000ው ደቂቃ ደዋዮች በእርግጥ በሦስቱ ከተሞች እንደሚኖሩ ለማስረዳት፣ ድርጅቱ ለ911 የአደጋ ጊዜ ጥሪ አገልግሎት ያስመዘገበውን የደንበኞች አድራሻ ከየቁጥሩ የታሪፍ ማዕከል ጋር አስተያየ። አብዛኛው ገጠመ። ከቁጥሩ ጋር ያልገጠመ አድራሻም ወጣ፦ ብዙ መስመርና ሠራተኛ ያለው ቢሮው በትልቁ ከተማ ሆኖ የትንሿን ከተማ ቁጥር የያዘ አንድ የኢንሹራንስ ደላላ። ገበሬው «የመንደራችን ሰው ነው» ብሎ እንዲደውልለት የተከራየው ቁጥር ነው። ከዚያ ቁጥር ቢሮው ወደዚያች ከተማ የደወለው 84,000 ደቂቃ በቁጥር ቢታይ የአካባቢ ነው፤ በሰውዬው መቀመጫ ቢታይ ግን የርቀት። ትልቁ ድርጅት ይህን አላወቀም ነበር፤ የተሳሳተው ሶፍትዌር ነው በአጋጣሚ ያጠመደው።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ የቴሌኮም ክርክር ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ ምናባዊ ኤን.ኤክስ.ኤክስ ይሉታል፤ ኤን.ኤክስ.ኤክስ የሚባሉት ከአካባቢ ኮዱ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት አኃዞች ናቸው። ሜይን ስቴት ውስጥ ብሩክስ ፋይበር የተባለ ድርጅት መሣሪያው ፖርትላንድ አካባቢ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በመላው ስቴት ላሉ ከተሞች በደርዘኖች የሚቆጠሩ የቁጥር ኮዶችን ወስዶ ነበር። እያንዳንዱ ኮድ 10,000 ቁጥር ይይዛል፤ ሜይን ደግሞ ያላት የአካባቢ ኮድ 207 ብቻ ስለሆነ ቁጥር ሊያልቅባት ሆነ። የስቴቱ ኮሚሽን በ2000 ኮዶቹ እንዲመለሱ ወሰነ። የፌዴራሉ ኮሚሽን አንድ ቢሮ ግን በ2002 በቨርጂኒያ ግልግል፣ ተግባራዊ የሆነ ሌላ መለኪያ ስላልቀረበለት በቁጥር መለየቱ ይቀጥል ብሏል። ስለዚህ መልሱ እንደየስቴቱና እንደየውሉ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሐበሻ የጥሪ ካርድ ፍቆ መጀመሪያ ይመታው የነበረው የ202 ወይም የ703 ቁጥርም የአካባቢ ይመስል ነበር። ጥሪው የሚያርፈው ግን አዲስ አበባ ነበር፤ ስለዚህ የካርድ ነጋዴዎች የአክሰስ ክፍያ እንደሚከፍሉ ኮሚሽኑ በ2006 ግልጽ አድርጎታል።

የኢንሹራንሱን ደላላ ነገር የወሰነው የውሉ አጻጻፍ ነው። በትርጓሜው ክፍል «የአካባቢ ጥሪ ማለት በአንድ የአካባቢ ክልል ውስጥ በአካል በሚገኙ ደንበኞች መካከል የሚደረግ ነው» ይላል። የዋጋው አባሪ ደግሞ «ዓይነቱ የሚለየው የደዋይና የተደዋይ ቁጥርን በማስተያየት ነው» ይላል። ሁለቱን የጻፉት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ለመሆናቸው ብዙ መጠርጠር አያስፈልግም። ነገር ግን ውሉ «አባሪ ከዋናው ሰነድ ከተጋጨ ዋናው ይጸናል» የሚል አንቀጽ ነበረው። ደግሞም ድርጅቱ ለ510,000ው ደቂቃ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ያንኑ የአድራሻ ዝርዝር ነው። አንዱን ረድፍ ደብቆ ሌላውን ማሳየት አይቻልም። 84,000ው ታመነ።

ከዚያ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ቁጥር ያለው ደቂቃ 2,250,000፤ ከዚያ የርቀቱ ቀድሞ የነበረው 192,000 ሲደመር 84,000፣ በድምሩ 276,000። ቁጥር የለሹ 150,000 በዚሁ መጠን ሲከፈል 18,400 ወደ ርቀት ሄደ። የርቀት ጠቅላላ 294,400፤ በሁለት ሳንቲም 5,888 ዶላር። የአካባቢው 2,105,600፤ በ0.0007 ሲባዛ 1,473 ዶላር ከ92 ሳንቲም። ድምሩ 7,361 ዶላር ከ92 ሳንቲም። ድርጅቱ በየሩብ ዓመቱ «የአካባቢ ጥሪዬ 92 በመቶ ነው» እያለ የሚያሳውቀው ድርሻ (ፒ.ኤል.ዩ ይሉታል) ራሱ ሲመረመር 87.7 ሆኖ ተገኘ፤ ያ ቁጥር ለዓመታት ከፋይል ወደ ፋይል ሲገለበጥ ኖሯል።

አንዱ ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያው ቀን ቢሉ በሙሉ እንዳይከፈል አዝዞ ነበር። ባይሰሙት ይሻል ነበር፤ የሰሙትም የለም። በውሉ መሠረት ያልተካደው ገንዘብ በቀኑ ካልተከፈለ በወር 1.5 በመቶ መቀጫ አለ፤ ሲብስም አዲስ የመስመር ጥያቄ ይታገዳል። 7,361.92 በጊዜው ተከፈለ። በ12,382.88 ላይ የጽሑፍ ቅሬታ ቀረበ፤ ለቀሩት ሁለት ምክንያቶች ለየብቻ ደቂቃው፣ ዋጋው፣ አንቀጹና 20 የናሙና ጥሪ ተያይዟል። «ቢላችሁ ተጋንኗል» የሚል ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ መልሱ «አልተጋነነም» የሚል ይሆን ነበር። ናሙናዎቹ ላይ ጄ.አይ.ፒ በአንድ ዓምድ፣ የደዋይ ቁጥር በሌላው ተደርድሮ ሲታይ ግን የትልቁ ድርጅት መሐንዲሶች ራሳቸው ስህተቱን አዩት፤ ገንዘቡም በተከታዩ ቢል ላይ ተቀናሽ ሆኖ መጣ።

በውሉ ላይ አጭር ማሻሻያ ተፈረመ፦ ጄ.አይ.ፒ ዋጋ ለመለየት የሚያገለግለው ለሞባይል ጥሪ ብቻ ነው፤ ለቤትና ለቢሮ መስመር የደዋይ ቁጥር ይታያል፤ ከታሪፍ ማዕከሉ ውጭ ላለ ደንበኛ የተሰጠ ቁጥር በየሩብ ዓመቱ ተዘርዝሮ ይገለጻል። የጥሪ ማዕከሉ ፒ.ቢ.ኤክስም ዋናውን አሥር አኃዝ ቁጥር እንዲልክ ተስተካከለ፤ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። በ2011 ኮሚሽኑ ባወጣው ደንብ ጥሪ የማድረሻ ክፍያ በደረጃ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ሲደረግ የአካባቢና የርቀት ጠብ አብዛኛውን ጉልበቱን አጣ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ዝርዝሩ በየሩብ ዓመቱ ተልኳል። የኢንሹራንሱ ደላላ ቁጥሩን አልቀየረም። በዝርዝሩ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ የሚወጣው የእሱ ቁጥር ነበር።