ላድሎ፣ የፋሲካ ማግስት

በአሜሪካ ኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ ከዴንቨር ወደ ደቡብ ሲነዳ፣ ትሪኒዳድ ከተማ ከመድረሳችን በፊት ላድሎ የምትባል ቦታ አለች። ዛሬ ሰው አይኖርባትም። ያለው አንድ ሐውልትና አጠገቡ የብረት ክዳን ነው። ክዳኑ ተነስቶ በደረጃ ወደ ጉድጓድ ይወረዳል። ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914፣ በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አድማ ጊዜ፣ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት ታፍነው ያለቁት እዚያ ውስጥ ነው። ብዙም ሳልቆይ ወጣሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሚዛን ነው ማለት ይቻላል። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪው የሚከፈለው በቶን ነበር፤ ሚዛኑን የሚያነበው ደግሞ የኩባንያው ሰው። ጣሪያው እንዳይናድ ምሰሶ ሲያቆም የዋለበት ቀን አይታሰብለትም። ስለዚህ ወይ ለነፍሱ ይሠራል፣ ወይ ለልጆቹ እንጀራ። ቤቱም፣ ሱቁም፣ ሐኪሙም የኩባንያው ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1913 ወደ 11,000 ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ወዲያው ከነቤተሰባቸው ከቤት ተባረሩ። ማኅበራቸው መሬት ተከራይቶ ድንኳን ተከለላቸው፤ ላድሎ ላይ ብቻ ወደ 1,200 ሰው ከረመ። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ሜክሲኮው ሁሉ አብሮ። የሮክፌለር ቤተሰብ ዋና ባለድርሻ የሆነበት ኩባንያ ዘበኞች መትረየስ የተጠመደበት ብረት ለበስ መኪና ይዘው ይዞሩ ነበር። ሰዎቹም ጥይት ፈርተው በድንኳናቸው ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ።

ኤፕሪል 19 ቀን 1914 የግሪኮቹ ፋሲካ ነበር። በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን 1906 መሆኑ ነው፤ በዚያ እሑድ እኛም አገር ጾም ተፈቷል። በግ ጠብሰው፣ ቤዝቦል ተጫውተው ዋሉ። በማግስቱ የክፍለ ግዛቱ ወታደሮች ተኩስ ገጠሟቸው፤ አመሻሽ ላይ ድንኳኖቹ ተቃጠሉ። ጭሱ ከላይ ሆኖ ከታች ያሉትን ጨረሰ። የሰፈሩ መሪ የነበረው የቀርጤሱ ሉዊስ ቲካስ ተይዞ፣ አንድ መኮንን በጠመንጃ ሰደፍ ጭንቅላቱን ከመታው በኋላ ከጀርባው በጥይት ተገደለ። ሠራተኞቹም ዝም አላሉም። ፕሬዚዳንት ዊልሰን የፌዴራል ጦር እስኪልክ ድረስ ማዕድኖቹን አቃጠሉ፤ ዘበኞችንም ገደሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የስምንት ሰዓት ሥራውም፣ የራሳቸውን የሚዛን ተቆጣጣሪ መምረጡም በኮሎራዶ ሕግ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የጠየቁት ብዙው ነገር ሕጉ ይከበርልን ነው። እንደ አመፀኛ ታዩ እንጂ።

ወታደራዊ ፍርድ ቤቱ የተከሰሱትን ወታደሮች ነፃ ለቀቀ። በዲሴምበር አድማው ሲቆም ማኅበሩ እውቅና አላገኘም። ከአድመኞቹ ብዙዎቹም ቦታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቃቸው።