የአባቴን ካሴቶች ዲስክ ላይ የማስቀምጠው ለምንድን ነው?

«ፍላሽ እያለ ዛሬ ማን ዲቪዲ ይገዛል?» ይሉኛል ጓደኞቼ። እኔ እገዛለሁ። አራት ኪሎ ቤቴ ውስጥ አንድ መሳቢያ ሙሉ ዲስክ አለኝ፤ ሁሉም ሙዚቃ ነው።

ዋናው ምክንያቴ አንዴ የተጻፈ ዲቪዲ-አር ተመልሶ የማይጻፍበት መሆኑ ነው። ፍላሽ በየፎቶኮፒ ቤቱ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፋይሉን ደብቆ ሾርትከት ብቻ ያሳያችኋል። ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ደግሞ የነካካ ልጅ ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። ዲስኩ ላይ ያለውን ግን ቫይረስም ልጅም አይሰርዘውም።

በጣም የምሳሳላቸው አባቴ በደርግ ጊዜ ከሬዲዮ የቀዳቸው ካሴቶች ናቸው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የአስተዋዋቂው ድምፅ ይገባና ቀጭ ብሎ ይቆማል። አንዱ ላይ እናቴ ከጓዳ «ቡና ደርሷል» ስትል ትሰማለች። የታተሙት ሸክላዎች እንኳ ደግ ሰው አግኝተዋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው አምሃ ሬኮርድስ ካሳተማቸው ሥራዎች ብዙዎቹ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፈረንሳይ አገር በታተሙት የኢትዮፒክስ ሲዲዎች እንደገና ወጥተዋል። የአባቴን ካሴት ግን ከእኔ በቀር የሚያስቀምጠው የለም።

ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ፍላክ በሚባለው፣ ከድምፁ ምንም በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት ነው። ኤምፒስሪ ቦታ ለመቆጠብ ከድምፁ ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ደግሞ አይመለስም። ዲቪዲው 4.7 ጊጋባይት ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን 4.37 አካባቢ ያሳያል። አምራቾቹ በ1,000፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። እኔ 4 ላይ አቆማለሁ። ዲስክ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፣ ጣት የሚያርፈው ደግሞ ዳሩ ላይ ነው።

የዘፈኖቹን ስም በራሳችን ፊደል ነው የምጽፈው። እናንተም እንዲህ ካደረጋችሁ ዲስኩን የሚጽፈው ፕሮግራም ላይ ከፋይል አቀማመጥ ዓይነቶቹ ዩዲኤፍ የሚለውን ምረጡ፤ አሮጌው አይኤስኦ 9660 ብቻውን ፊደላችንን አይቀበልም። የመጻፊያውን ፍጥነት ከ16 ወደ 8 አወርዳለሁ። የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ መሆኑንም ሳላይ አልጀምርም። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ያ ዲስክ ተጣለ ማለት ነው። ሲጨርስ በትክክል መጻፉ ይፈተሻል (ቬሪፋይ ይደረጋል)፣ ይሄ አይታለፍም።

ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። ሲዲ ላይ ግን ይበልጥ የሚጎዳው የላይኛው ፊት ነው፤ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ስስ ንጣፍ ያለው እዚያው ከቫርኒሹ ሥር ነው። ዲቪዲ ይሻላል፣ መረጃው በሁለት ፕላስቲኮች መሃል ነው። ሁለቱም ፀሐይ አይወዱም፤ መረጃው የሚጻፍበት ቀለም በብርሃን ይበላሻል። መኪና ውስጥ የሚከርም ዲስክ ዕድሜው አጭር ነው።

ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ አወጣለሁ። ሁለተኛው እህቴ ቤት ይቀመጣል። በዓመት አንዴ፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የቆዩትን አውጥቼ ይነበቡ እንደሆነ አያለሁ። የደከመ ካለ ከሌላው ቅጂ በአዲስ ዲስክ እተካዋለሁ።

አሁን የሚያስቸግረኝ ባዶ ዲስክ ማግኘት ነው። የምገዛበት ሱቅ ፒያሳ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄደ አላወቅኩም። ዲቪዲ-አር በጥቅል የሚሸጥ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ፤ ገና ያልተገለበጡ ካሴቶች አሉኝ።