በ70 ፊደል ዓሣ መሸጥ

ሰላም ወገኖች። አጭር ጽሑፍ የመጻፍ ልምምዴ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። አጭር ጽሑፍ ስል የኪራይ ማስታወቂያ፣ የዕድር መልእክት፣ የምግብ ቤት ጥሪ፣ የቴሌግራም ቻናል መግለጫ ማለቴ ነው። ሁላችንም በየቀኑ እናነባቸዋለን። ተቀምጦ የሚያስብባቸው ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። በላቲን ፊደል የሚላክ አንድ የስልክ የጽሑፍ መልእክት (ኤስኤምኤስ) 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው። የመልእክቱ ቦታ ድሮ የተለካው ለላቲን ሆሄ ነው፤ አንዱ ሆሄ 7 ቢት (የኮምፒውተር ትንሿ መለኪያ) ይበቃዋል። የእኛ ፊደል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ስልኩ መልእክቱን በሙሉ የዓለምን ፊደላት ወደሚይዘው ዝርዝር፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ይቀይረዋል፤ እያንዳንዱ ፊደልም 16 ቢት ይወስዳል። በላቲን በተጻፈ መልእክት መሃል አንዲት "ሀ" ብትገባ እንኳ ጣሪያው ወደ 70 ይወርዳል። ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይም የእኛ አንድ ፊደል እንደ ሁለት ስለሚቆጠር 280 የሚባለው ጣሪያ ለአማርኛ 140 ነው።

ደግነቱ ፊደላችን አናባቢውን በሆዱ ይዞ ይዞራል። "ሐዋሳ" ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ሰባት ይሆናል። እና 70 ሲሰሙት እንደሚያስደነግጠው ጠባብ አይደለም። ቦታውን የሚበላው ሌላ ነገር ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚጠብሱ አንዲት እትዬ አሉ። ለቢሮ ሠራተኛ ደንበኞቻቸው ጠዋት ጠዋት የሚልኩት መልእክት ፈለጉ። ይዘውት የመጡት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "ውድ ደንበኞቻችን እንደምን አደራችሁ። ጣፋጭና ጥራት ያላቸውን የዓሣ ምግቦች በተመጣጣኝ ዋጋ አዘጋጅተን እየጠበቅናችሁ ነው።" ጨዋ ጽሑፍ ነው። ግን ስልኩ ኪስ ውስጥ ሲጮኽ ሰውየው ስክሪኑ ላይ የሚያየው የመጀመሪያዋን መስመር ነው። እዚያ ላይ ያለው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ዓሣው ገና አልደረሰም።

ቁጭ ብለን ጠየቅኳቸው። ዛሬ ምን ዓሣ አለ? መቼ ወጣ? በምን ይቀርባል? ስንት ነው? እስከ ስንት ሰዓት? መልሳቸው ራሱ ማስታወቂያ ሆኖ ወጣ፦

"ዛሬ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ አለ። ሙሉ ጥብስ ከዳጣ ጋር 300 ብር። አሞራ ገደል፤ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት።"

ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 63 ነው። አምባዛ በሚገኝበት ቀን "ቆሮሶ" የሚለውን ብቻ ይቀይራሉ። "የጾም" የሚል ቃል እንድጨምርም ጠይቀውኝ ነበር። ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት ስላልፈለግን ተውነው። ግማሹ ደንበኛ ሊበላ፣ ግማሹ ሊከራከር ነበር የሚመጣው። (አባ ኮዳዎቹ፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ደግሞ ያለ ምንም መልእክት በሰዓታቸው ይገኛሉ።)

ከዚህ በኋላ አንድ መፈተሻ ለመድኩ። የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር አንስቼ ሌላ ቤት በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በሐሳቤ ማለቴ ነው። "በጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ" ጎሚስታ ቤት ይሄዳል። ፀጉር ቤት ይሄዳል። የሬሳ ሣጥን ቤት ሳይቀር ይሄዳል። እንግዲህ ለሁሉም ከሄደ ስለ ማንም አልተናገረም። "ከዳጣ ጋር" ግን ጎሚስታ ቤት አይለጠፍም።

ለዚህ ሥራ መነሃሪያ ሄዶ የረዳቶቹን ጥሪ መስማት ይጠቅማል። "ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ፣ አንድ ሰው!" ሰላምታ የለም፣ ቅጽል የለም። መድረሻው ይቀድማል፣ ቀጥሎ መቸኮያው ይመጣል። እርግጥ መኪናው ውስጥ ስትገቡ አንድ ሰው የተባለው አራት ሊሆን ይችላል፤ እሱን አትኮርጁ።

በጣም የከበደኝ የዕድር መልእክት ነው። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ጥሩምባ ነፊው ነበር። በሌሊት እየዞረ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋል። አሁን በብዙ ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕም ተጨምሮበታል። የዕድራችን ጸሐፊ ጋሼ "በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን" የሚለው ፊት መቅደም አለበት ባይ ናቸው። እኔ ሰዓቱና ቤተ ክርስቲያኑ ይቅደም እላለሁ፤ ሰው ከሥራ አስፈቅዶ የሚመጣው በእሱ ነውና። "ልጄ፣ ሞት እንደ ስብሰባ ጥሪ አይነገርም" አሉኝ። ልክ ናቸው። የተስማማነው በዚህ ነው፦

"የአባላችን እናት አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ገብርኤል። ነፍስ ይማር።"

"አርፈዋል" የሚለው ቃል ሐዘኑንም አክብሮቱንም ስለያዘ "በታላቅ ሐዘን" የሚለውን መተው ተቻለ። የአባሉ ስም እየተጨመረ አሁን በዚሁ መልክ ይላካል። ጋሼ አልፎ አልፎ "በታላቅ ሐዘን"ን መልሰው ይከቷታል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ስለ ዋጋም ልበል። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉ ቻናሎች ያናድዱኛል። ሻጮቹ ምክንያት አላቸው፦ ዋጋ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ተፎካካሪም ያያል። ግን ብዙ ገዢ ለመጠየቅ ያፍራል፤ ዝም ብሎ ያልፋል። ቁርጥ ዋጋ መጻፍ ካስፈራ "ከ8,000 ብር ጀምሮ" ማለት ይቻላል። የኪራይ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ከ"ውብና ማራኪ ቤት" ይልቅ "የራሱ ቆጣሪ አለው" ብዙ ስልክ ያስደውላል። አቶቴ ሰፈር ለጎረቤቴ የጻፍኩት "ሁለት ክፍል፣ የራሱ ቆጣሪ፣ ውሃ ግቢ ውስጥ፣ ደላላ የለበትም" ይላል። "ደላላ የለበትም" ከሁሉም በላይ ሠርቷል። ከደወሉት ግማሾቹ ደላሎች መሆናቸውን ግን አልደብቃችሁም።

እስካሁን ያልተፈታልኝ አጠራሩ ነው። አማርኛ ማንን እንደምታናግሩ ሳያስመርጥ ትእዛዝ አይሰጥም። "እዘዝ" ካልኩ ሴቶቹ ቀሩ። "ይዘዙ" ለሁሉም ይሆናል፤ ለወጣቶች ካፌ ግን የባንክ ደብዳቤ ይመስላል። ለጊዜው "ኑ" እና "ሞክሩት" እያልኩ በብዙ ቁጥር እሸሻለሁ። ግሱን ጨርሶ መተውም ይቻላል፤ የዓሣው መልእክት ውስጥ ማንም ምንም አድርግ አልተባለም። ይህ መንገድ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ሰዓት ስትጽፉ "ጠዋት"፣ "ከቀኑ" ወይም "ማታ" ጨምሩበት። ብቻውን "2 ሰዓት" ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲመልስ ይውላል።

ቀጣዩ ሙከራዬ የሠርግ ማስታወሻ መልእክት ነው። የጥሪ ካርዱ ቀድሞ ደርሷል፤ መልእክቱ የሚላከው በዋዜማው ነው። አዳራሹ፣ ሰዓቱ፣ የሁለቱ ሙሽሮች ስምና የወላጆች አክብሮት በ70 ፊደል መግባት አለባቸው። የሙሽራው አባት ማዕረጋቸው ብቻ ዘጠኝ ፊደል ይወስዳል። የሞከራችሁት ካላችሁ ላኩልኝ፤ እስከ ሐሙስ ማድረስ አለብኝ።