ካጉራዛካ ላይ አምባሰል

መጀመሪያ ስለ ሒሳቡ ልናገርና ይውጣልኝ። ቶክዮ ውስጥ ከስድስት ሰው በላይ የማትይዝ መጠጥ ቤት ገብቼ ሁለት ቢራ ጠጣሁ። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ አንዱ 700 የን። የመጣልኝ ሒሳብ ግን 3,400 ይላል። በጣቴ እያሳየሁ ጠየቅሁ። ባለቤቱ ፈገግ ብሎ የቡና ስኒ የምታህል ጎድጓዳ ሳህን አነሳልኝ። ከቢራው ጋር አምጥቶ ያስቀመጣት እሱ ነው። የተቀቀለ የሥራ ሥር ነገር ነበረባት። እኔ ደግሞ «አይ እንግዳ አቀባበል!» ብዬ ጠርጌ በልቻታለሁ። ለካ ኦቶሺ ይሏታል፤ ሳታዝ ትመጣለች፣ ትከፍላለህ። የቀረው የመቀመጫ ነው አለኝ። የመቀመጫ! ካዛንቺስ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤት ስገባ ብሬን የሚወስደው ሰው ቢያንስ በግጥም ሰድቦኝ ነበር።

መጠጥ ቤቷ ወዳለችበት ካጉራዛካ የሚባል ሰፈር የሄድኩት ግን ለቢራ አልነበረም። ከፋብሪካችን ሦስት ሆነን ለሁለት ሳምንት የካይዘን ሥልጠና ነው ጃፓን የገባነው። ስለ ሥልጠናው የምጽፈው የለኝም፤ ካይዘን እዚያም ካይዘን ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ጓደኞቼ ኤሌክትሮኒክስ ፍለጋ አኪሃባራ ሄዱ። እኔ አስተማሪያችን የሰጠኝን የአንድ በዓል ወረቀት ይዤ ወደ ካጉራዛካ። በዓሉ ማቺ ቡታይ ኦኤዶ መጉሪ ይባላል። ማቺ ቡታይ «ሰፈሩ ራሱ መድረክ ነው» እንደማለት ነው አሉኝ። የቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ የድሮ ሙዚቃና ጨዋታ ያሳያሉ። ብዙው በነፃ ነው። «ነፃ» የሚለውን ቃል በጃፓንኛ ቀድሜ አጥንቼ ነበር።

ከኢዳባሺ ጣቢያ ስትወጣ አቀበቱ ፊት ለፊትህ ነው። ካጉራ ለአማልክት የሚቀርብ ዜማና ጭፈራ ነው፤ ሳካ ደግሞ አቀበት። ድሮ የካጉራው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማ ስለነበር ስሙ በዚያ ወጣ ይባላል። መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ አቅጣጫው ግን በየቀኑ ይገለበጣል። ጠዋት መኪና ቁልቁል ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ሽቅብ ይወጣል። ይህንን ለመገናኛ ታክሲ ሾፌር ማን ያስረዳዋል? ከዋናው መንገድ ገባ ስትል ድንጋይ የተነጠፈባቸው ቀጫጭን ቅያሶች አሉ። የጌይሻ ሰፈር ነበር፤ ዛሬም ጥቂት ጌይሻዎች ይሠራሉ። አንዱ ቅያስ ካኩረንቦ ይባላል፤ ድብብቆሽ ማለት ነው። ሦስቴ ጠፋሁበት።

ሦስተኛው ላይ ነው የሰማሁት። ጨለማ ሆኗል፤ በየቤቱ በር ላይ የወረቀት ፋኖስ ይበራል። ከጥጉ ወዲያ ክር ሲመታ ይሰማኛል፤ ቀስ እያለ ይቀርባል። ሁለት ሰዎች ኪሞኖ ለብሰው ሻሚሰን የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ እየመቱ እየተራመዱ መጡ። ሺንናይ ናጋሺ ነው፤ ሺንናይ የሚባለውን ዜማ እየዞሩ ማዜም። አንዱ ዋናውን ዜማ ይዟል፤ ሌላው ክሩን ከፍ አድርጎ ቃኝቶ በላይ በላይ ይጫወትበታል። ድሮ እንዲህ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ይዞሩ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠራቸው ቆመው ያዜማሉ። የሚያዜሙት አብረው ስለሚሞቱ ፍቅረኞች ነው። የሺንናይ ወላጅ የሆነውን ቡንጎቡሺ የሚባለውን ዜማ እ.ኤ.አ. በ1739 መንግሥት ከልክሎታል። ወጣቱ እሱን እየሰማ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሞታል ተብሎ።

እኔን ያቆመኝ ግን ታሪኩ አይደለም፤ ቃሉን የት አውቄው። ያቆመኝ ዜማው ነው። አምባሰል! ጆሮዬ ነው ብዬ ተጠራጠርኩ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሙዚቃ የተማረ ጓደኛዬ ፒያኖ ላይ አሳየኝ። የእነሱ ሚያኮቡሺ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆችና የአምባሰል አምስት ድምፆች ርቀታቸው አንድ ነው። ያን ማታ ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ እያዜሙ የሚቀሰቅሱን ላሊበላዎች ትዝ አሉኝ። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ሳንቲም ፍለጋ ስትራወጥ።

አጠገቤ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ቆመው ነበር፤ ግራጫ ኪሞኖ ለብሰዋል። በኅዳር ብርድ በስስ ጃኬት መውጣቴን አይተው ይመስለኛል፣ ከእጅጌያቸው ውስጥ አንድ ትንሽ ከረጢት አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ትሞቃለች! ካይሮ ይሏታል፤ ስትከፈት ለሰዓታት የምትሞቅ የእጅ ማሞቂያ ናት። አንገቴን ደፍቼ ሁለት እጄን ዘርግቼ ስቀበል ሳቁ። ለካ እነሱም እንደዚያው ነው የሚቀበሉት። ሴትዮዋ ሙዚቀኞቹን ተከትለው ሄዱ፤ እኔ ወደዚያች መጠጥ ቤት ገባሁ። እሳቸውን ብከተል ኖሮ 3,400 የን ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ የመጨረሻው ባቡር አመለጠኝ። ቶክዮን የሚያህል ከተማ ባቡሩ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይቆማል ብዬ አላሰብኩም። ማደሪያችን በከተማው ምዕራብ ዳር ስለሆነ የታክሲው ግምት ከ10,000 የን በላይ አለኝ። ስለዚህ ማንጋ ካፌ፤ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ የሚነበብበት፣ የሚታደርበትም ቤት ነው። 2,400 የን ከፍለህ ቁም ሣጥን የምታህል ክፍል ይሰጡሃል፤ ግድግዳዋ ጣሪያ አይደርስም። በግራዬ ያለው ሰው እስኪነጋ አንኮራፋ። በቀኜ ያለው ሌሊቱን ሙሉ ቺፕስ በላ፤ አንድ ባንድ። የማሞቂያዋ ከረጢት ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ትሞቅ ነበር።

እሁድ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ አቀበቱን እንደገና ወጣሁ። መሐል ላይ ዘንኮኩጂ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ፤ ቢሻሞንተን እያሉ ነው የሚጠሩት። የተመሠረተው በ1595 ነው፤ እዚህ ሰፈር የመጣው በ1793። ሌላ ቦታ በር ላይ አንበሳ መሳይ ውሾች ይቆማሉ፤ እዚህ የድንጋይ ነብሮች ናቸው። ግቢው ውስጥ አንድ ራኩጎ የሚባለውን የቀልድ ትረካ የሚያቀርብ ሰው ትራስ ላይ ተንበርክኮ በማራገቢያው ብቻ ፓስታ መሳይ ነገር ይበላል፣ ይምጋል። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ጎኑ ላይ ሻሚሰን መሞከሪያ ነበር። ተሰለፍኩ። ከፊቴ አራት ሕፃናት፣ ሁሉም ከእኔ ተሻሉ። ተራዬ ሲደርስ ባቺውን አስያዙኝ፤ ሰፊ መምቻ ነው፣ መጥረጊያ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ሦስት ክር አለው። ቆዳው በድሮው ልማድ የድመት ነው፤ የያዝኩት ግን ሰው ሠራሽ ነበር፣ እፎይ አልኩ። ወፍራሙን ክር ስመታው ጥርት አላለም። እዝዝዝ አለ፣ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ንብ። ደነገጥኩ። ሰበርኩት ብዬ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሳሁ።

የሻሚሰን አስተማሪው ጎንበስ ብሎ የመሣሪያውን አንገት ጫፍ አሳየኝ። ወፍራሙ ክር ከላይ ድጋፍ የለውም፤ ሲመታ እንጨቱን በስሱ እንዲነካ ተደርጎ ነው የተሠራው። «ሳዋሪ» አለኝ። ስልኬ «መንካት» ብሎ ተረጎመው። ያ እዝታ ከሌለ ሻሚሰን አይባልም።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አያቴ ፊት ይህንኑ ቀልድ ሠርቻለሁ። አያቴ በጾም በገና ይደረድራሉ። አንድ ቀን «አባባ፣ ተበላሽቷል እኮ፣ ይጮሃል» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ከክሩ ሥር የገባችውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ በጥፍራቸው ሳብ አደረጓት። ድምፁ ደረቀ፣ ባዶ ሆነ። መልሰው ገፋ አደረጓት። እዝዝዝ። «የቱ ነው የተበላሸው?» አሉኝ።

ለአስተማሪው ይህንን ማስረዳት ፈልጌ ነበር። በስልክ ትርጉም «የአያቴ በገናም ቆዳ አለው» ብቻ ነው የወጣልኝ። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪያችን ያገኘልኝን ትኬት ይዤ ኖ የሚባለው የጃፓን የድሮ ቴአትር ወደሚታይበት ያራይ ወደሚባል ቤት ገባሁ። በ1952 የተሠራ የእንጨት ቤት ነው፤ መድረኩ ቤት ውስጥ ሆኖም የራሱ ጣሪያ አለው፣ ከበስተኋላው ትልቅ የጥድ ዛፍ ተስሏል። ከበሮ መቺው «ዮ-ኦ-ኦ» ብሎ ሲጮህ አስታውሳለሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ሰው ሲነሳ ነው። የማንጋ ካፌው ሌሊት ተከፈለኝ። ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌም ተኝተው ስለነበር አላፈርኩም።

ማታ በጊዜ ባቡር ተሳፈርኩ። ሻሚሰኑን ስመታ የተቀረጸውን ቪዲዮ የአያቴን በገና ለወረሰው አጎቴ ላክሁለት። ጋሼ ቪዲዮ አይቶ ዝም አይልም። የድምፅ መልእክቱ ሺንጁኩ ላይ ባቡር ስቀይር ገባ።

«እንዚራውስ ደህና ነው» ይላል። «ግን ሦስት አውታር ብቻ ነው የማየው። ሰባቱን የት አደረግኸው?»